ወርቁን የቀበሩት ቄስ፦ መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እንዴት እንደጻፍኩ

መጽሐፌ ከታተመ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «መንፈሳዊ ታሪክ እንዴት ልብ ያንጠለጥላል? መጨረሻው እኮ የታወቀ ነው፤ እግዚአብሔር ያድናል!» የሚጠይቁኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ስጽፍ ከሁሉም በላይ የታገልኩት ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሰላሌ ውስጥ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ የነበሩ ቄስ ንዋየ ቅድሳቱን በሌሊት ይቀብራሉ። የወርቅ መስቀል አለ፣ የብር ጽና (የዕጣን ማጤሻ) አለ፣ በብራና የተጻፈ ወንጌል አለ። ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ ይገደላሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጃቸው በአያቷ ዳዊት ኅዳግ ላይ አንዲት መስመር ታገኛለች። የማስታወሻው ወሬ ግን ከእሷ በፊት አንድ የቅርስ ደላላ ጆሮ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ በምናቤ የፈጠርኳት ናት። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በእውነተኛ ደብር ስም «እዚህ ወርቅ አለ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ልብ ወለድ መሆኑን የሚረሳና አካፋ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ዘመኑና ሰቆቃው ግን እውነተኛ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተረሸኑ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ቄሱ በሚያዝያ መጨረሻ መሬት ሲቆፍሩ ሲያይ፣ እሳቸው የማያውቁትን እሱ ያውቃል። የሚመጣባቸውን ያውቃል። ገና ማንም ሳያባርራቸው ልቡ ይሰቀላል።

ታቦቱን ከታሪኩ አውጥቼዋለሁ። ታቦት በወርቅ ፈላጊ እጅ ሲገባ የሚያሳይ ትዕይንት ብዙ አንባቢዎቼን ያሳዝናል። ደግሞም ታቦት ሀብት አይደለም። ካህኑ ታቦቱን በሌላ መንገድ እንዳሸሹት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሬ አልፌያለሁ።

አሁን ወደ ፍንጩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስለለፋሁ ትንሽ ልቆይበት። በፈረንጅ ታሪኮች ካርታ ላይ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። የኛ ቄስ ግን ካርታ አይስሉም። የሚያውቁት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት። ስለዚህ ኅዳጉ ላይ የጻፉት «በዘመነ ማቴዎስ፣ ትንሣኤ በሚያዝያ 24 በዋለበት ዓመት፣ ከግምጃ ቤቱ ያለውን ለምድር አደራ ሰጠሁ» የሚል ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረት የለም፣ ስም የለም። ልጅቷ ዓመቱን ማውጣት አለባት።

1929ን እንሞክር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዘመን ላይ ስንደምረው 7429 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ወንበር ይባላል፤ ቀሪ ከሌለ 19 ተይዞ አንድ ስለሚቀነስ ወንበሩ 18 ነው። 18 በ19 ሲባዛ 342 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ይህ ቀሪ መጥቅዕ ይባላል፤ መጥቅዑ 12 ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል፤ ነነዌም በየካቲት ይገባል። በዚያ ዓመት ጥቅምት 12 ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመርለት ቁጥር፣ 3 ነው። 12 እና 3፣ 15። ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ገባ ማለት ነው። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ጨምሩበት፤ ሚያዝያ 24 ይመጣል።

ነነዌ የገባው ቦምቡ ከተጣለ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህን ሳሰላ እጄ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ከተማው በደም በታጠበበት ሰሞን ሕዝቡ «እግዚኦ» ሊል ቆሞ ነበር። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከዚህ ስሌት ወጣ።

ግን ሌላም ነገር አገኘሁ። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ስሄድ 1845 ዓ.ም.ም ዘመነ ማቴዎስ ሆኖ ትንሣኤው ሚያዝያ 24 ይውላል። ደጃች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጉር አምባ ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። በሁለቱ መሃል ይህን የሚያሟላ ሌላ ዓመት የለም። ደላላው የቀጠረው ሰው ባሕረ ሐሳብ ያውቃል፤ ግን ዳዊቱ አሮጌ ስለሆነ 1845ን ይይዛል። በዚያ ዘመን የነበረችውን፣ ዛሬ የፈረሰችውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ይቆፍራል። ልጅቷ ደግሞ የአያቷን እጅ ጽሕፈት ታውቃለች። አንባቢው የሁለቱን ቁፋሮ እያፈራረቀ ያያል። ይህን ጠመዝማዛ እኔ አልፈጠርኩትም፤ አቆጣጠራችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለሚጽፍ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ፍንጭ ስትፈልጉ መጀመሪያ ቄሱ፣ ደብተራው፣ ገበሬው በየቀኑ የሚጠቀምበትን እውቀት ጠይቁ።

ለምልክት ዛፍ የምትጠቀሙ ከሆነም ዘመኑን አስተውሉ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በግራኝ ጊዜ በባሕር ዛፍ ሥር የተቀበረ ሣጥን ካስቀመጣችሁ አንድ አስተዋይ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። ወይራ ይሻላል፤ ዕድሜው ረጅም ነው። አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። የሸዋ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይና ምልክት ከቦታው ያንቀሳቅሳል። በተቀበረው ዕቃ ላይም እንዲሁ አትዋሹ። ወርቅ እንደነበረ ይወጣል። ብር ይጠቁራል። ነሐስ አረንጓዴ ያወጣል። እርጥብ መሬት ውስጥ የከረመ ብራና ግን ይበሰብሳል። በእኔ ታሪክ ሣጥኑ ሲከፈት ልጅቷ የምታለቅሰው በወንጌሉ ላይ ነው፤ ደላላው መስቀሉን ብቻ ያያል። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሆኑ ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም።

ስለ ሜታል ዲቴክተርም አንድ ነገር ልበል፤ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። ተራው መሣሪያ አንዲት ሳንቲም የሚለየው ከላይ ከላይ ካለው አፈር ውስጥ ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ክንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ከወርቁ በፊት የሚጮኸው ለጥይት ቀለህና ለዛገ ሚስማር ነው። ይህ ለጸሐፊ ሲሳይ ነው። መሣሪያው በጮኸ ቁጥር የአንባቢ ልብ ይዘላል፤ የሚወጣው ግን አያቶቻችን የተገደሉበት ቀለህ ነው።

አሁን ወደ አደጋው። የሀብት ፍለጋ ታሪክ ውስጥ ሽጉጥ ማስገባት ቀላል ነው። እውነተኛው ታሪክ ሲታይ ግን ሰው የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱ፣ ውሃውና ብርዱ ነው። ካናዳ ውስጥ ኦክ የሚባል ደሴት አለ። ከ1795 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሀብት አለበት እየተባለ ይቆፈራል። በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ አባት ጉድጓዱ ውስጥ በጋዝ ታፍኖ ወደቀ። ልጁ ሊያወጣው ገባ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከትለው ገቡ። አራቱም ሞቱ። አሜሪካ ውስጥም ፎረስት ፌን የተባለ የሥዕልና የቅርስ ነጋዴ ሣጥን ደብቆ በ2010 እ.ኤ.አ. ፍንጩን በግጥም አወጣ። ሣጥኑ በ2020 እ.ኤ.አ. በዋዮሚንግ እስኪገኝ ድረስ በወንዝና በገደል የቀሩ ፈላጊዎች አሉ። ማንም አላሳደዳቸውም።

ይህን ይዤ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ወደ ታች ስትወርዱ መጀመሪያ የምትፈሩት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አየሩን ነዋ» አሉኝ። «ናዳ ድምፅ ይሰጥሃል። አየር ግን አይነግርህም። እኛ ሻማ በገመድ እናወርዳለን። ከጠፋ፣ ልጄ፣ እንኳን ለወርቅ ለወንድምህም ብለህ አትግባ።»

«ለወንድሜም?»

«ለወንድምህም። ሁለት ሬሳ ለእናትህ አትስጣት።»

ይህ ንግግር የመጽሐፉን ከባድ ምዕራፍ ሰጠኝ። የደላላው ታናሽ ወንድም ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ልጅቷ ከላይ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ራሷን አሳልፋ መስጠት እንዳለባት ተምራለች። ደላላው ሊገባ ሲል ጨምድዳ ትይዘዋለች። ይመታታል፣ ይረግማታል፤ እሷ አትለቀውም። ከሩቅ የሚያይ ሰው ወንድሙን እንዳያድን የከለከለችው ክፉ ሴት ናት ይላል። ፍቅር በዚያች ሰዓት የሚመስለው ያንን ነው። ገመድ ይወርዳል፣ ልጁ ነፍሱ ካለች እጁን ያነሣ ይሆናል፤ ያንን መጠበቅ ነው። አንባቢዎቼ በብዛት የሚጽፉልኝ ስለዚህ ምዕራፍ ነው። (የሻማው ነገር ልብ ወለድ ውስጥ ጥሩ ነው። በሕይወት ግን ሻማ ሁሉንም መርዛማ ጋዝ አያሳይም፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈርም ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። እባካችሁ ማንም በመጽሐፍ ተነሣሥቶ ጉድጓድ አይግባ።)

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። እግዚአብሔር የሚያድን ከሆነ ምኑ ያንጠለጥላል?

እኔ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ጸሎት የታሪኩን ቋጠሮ አይፈታም። ልጅቷ በጸለየች ቁጥር ሽጉጡ ከከሸፈ፣ በሩ በራሱ ከተከፈተ፣ አንባቢው መፍራት ያቆማል። ይባስ ብሎ፣ ጸልዮ በሩ ያልተከፈተለት አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ልጇ የሞተባት እናት መጽሐፌን ልታነብ ትችላለች። ለእሷ መዋሸት አልፈልግም። ስለዚህ ጸሎቱን ከውሳኔዋ ጋር አሰርኩት። ልጅቷ አሮጌ ጎተራ ውስጥ ተደብቃ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ኮቴው አይርቅም፤ ይቀርባል። የሚለወጠው እሷ ናት። ዳዊቱን ለመጣል ተዘጋጅታ የነበረችው፣ እንደማትጥለው ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ያ ውሳኔ ዋጋ ያስከፍላታል። አንባቢው ትድን ይሆናል ብሎ መገመቱን አይተውም። ታማኝ ሆና ትቆይ እንደሆነ ግን አያውቅም፤ የሚያንጠለጥለው ያ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። ደላላው ከመንገዱ በፊት የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል። እኚያ አባት የልጅቷም ነፍስ አባት ናቸው። የሰሙትን መናገር አይችሉም። ይህን ስጽፍ ካህኑ ምን ማድረግ እንደሚችሉ አላወቅሁም። ስለዚህ አንድ አረጋዊ ካህን ጠየቅሁ።

«አባ፣ ሰውየው ሊገድላት እንደሆነ በንስሐ ቢነግርዎት ምን ያደርጋሉ?»

ብዙ ዝም አሉ። «መጀመሪያ እሱን እለምናለሁ። እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«እምቢ ቢልስ?»

«የሰማሁትን አልናገርም። ግን ልጄ፣ አብሬአት መሄድ ማን ይከለክለኛል?»

በመጽሐፉ ውስጥ አባ መቋሚያቸውን ይዘው ከልጅቷ ጋር ይነሣሉ። «ለምን ይመጣሉ አባ?» ስትላቸው «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይሏታል። አንባቢው ለምን እንደሆነ ያውቃል። እሷ አታውቅም። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ያለ አንዳች ተኩስ ውጥረቱን የያዘው ይህ ነው። ሃይማኖታችሁ ውስጥ ያለውን ሥርዓት ጠንቅቃችሁ እወቁ። አንባቢን የሚይዝ ነገር እዚያ ውስጥ ሞልቷል።

ለክፉው ገፀ ባሕርይ የተመለከትኩት መጽሐፍ ቅዱስን ነው። በኢያሱ ምዕራፍ 7 አካን የሰናዖር ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ ድንኳኑ ውስጥ ቀበረ። ሲናዘዝ አየሁ፣ ተመኘሁ፣ ወሰድሁ ነው ያለው። ደላላዬም ሲጀምር ክፉ አይደለም። የልጁን ሕክምና መክፈል ያቃተው አባት ነው። መጀመሪያ ፎቶ አየ። ቀጥሎ ዋጋ ጠየቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። አንባቢው እስከ ሁለተኛው እርምጃ አብሮት ይሄዳል፤ ሦስተኛው ላይ ራሱን ያገኘዋል። ኤርምያስ ምዕራፍ 41 ውስጥም አሥር ሰዎች አሉ። ሊገድላቸው ለመጣው ለእስማኤል በእርሻ ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዘይትና ማር ሸሽገናል ብለው ነፍሳቸውን ያተረፉ። የደበቁት ነገር እስካልተነገረ ድረስ በሕይወት ያቆያል። የታገተውን የልጅቷን አጎት ምዕራፍ የጻፍኩት ይህን እያነበብኩ ነው። ተረፈ ባሮክም ነቢዩ ኤርምያስ የቤተ መቅደሱን ዕቃ ለምድር አደራ ሲሰጥ ይተርካል፤ የቄሱን ኅዳግ ስጽፍ እሱን በልቤ ይዤ ነበር። ጌታችን በማቴዎስ 13 የተናገረውም ሰው አለ፤ በእርሻ ውስጥ ሀብት አግኝቶ መልሶ ሸሸገው፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ በመሃል ያለው ጊዜ ነው። ሀብቱ ገና የሌላ ሰው መሬት ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በሬውንና ቤቱን እየሸጠ ነው። የመጽሐፌ የመጨረሻ ሦስተኛ ክፍል የተሠራው በዚያ መሃል ላይ ነው።

መጨረሻውን ሳላበላሽባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሀብቱ ከተገኘ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ከመጻፋችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ጠብቆ ማቆየት አለበት። ያስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲያገኝም ይላል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ግን ወንጀል ነው። ይህ ታሪኩን ያደርቀዋል ብዬ ፈርቼ አላውቅም። እንዲያውም ልጅቷ ሣጥኑን አውጥታ ሳትሸሽ አጠገቡ ተቀምጣ ሌሊቱን ስትጠብቅ፣ ከሩጫው ሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ከሄደ በኋላ ነው የተመለሰው። አንባቢው ያንን ያስታውሳል፤ መስቀል አንዴ ከእጅ ከወጣ የት እንደሚደርስ ያውቃል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ስልኬ ላይ ያላሰብኩት ዓይነት መልእክት መምጣት ጀመረ። «ጣሊያን የቀበረው ወርቅ ካርታ አለኝ፣ አብረን እንሥራ» ይላሉ። «ሀብቱን የሚጠብቅ መንፈስ አለ፣ የሚያስለቅቅ ሰው እናውቃለን፣ ገንዘብ ብቻ አዋጡ» የሚሉም አሉ። አንድ አባወራ በሬውን ሸጦ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ገንዘብ ከሰጠ በኋላ የጻፈልኝ አለ። ያሳዩት ናሙና ወርቅ ነበር፤ የሸጡለት ግን ነሐስ ነው። ይህ ደብዳቤ አሁንም ያመኛል። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ገንዘብ አትስጡ። ናሙናውን እነሱ ወዳመጡላችሁ መርማሪ አትውሰዱ። ጠንቋይ ዘንድ አትሂዱ። በእርግጥ የሆነ ነገር ካገኛችሁ ዳግም አትቆፍሩት፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ተናገሩ፤ ስትናገሩም ምስክር ይኑራችሁ።

ይህንኑ ምክር በአንድ ገጽ ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እናንተም ስለ ተቀበረ ሀብት የምትጽፉ ከሆነ እንዲህ ያለ ገጽ አዘጋጁ፤ አሳታሚያችሁ ገጽ ይበዛል ቢላችሁም አትተዉት። በመጀመሪያው እትም መጨረሻ ላይ ነበር። በሁለተኛው ወደ መጀመሪያው አምጥቼዋለሁ፤ አንዳንዱ አንባቢ የሚደውልልኝ መጽሐፉን ሳይጨርስ ነው።